«እርስዎ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ስልክ

እንቅልፍ ሊወስድዎ ሲል ወይም ከወሰደዎ በኋላ ስልክዎ ብልጭ ይልና አንድ ጥያቄ ያቀርብልዎታል፦ «ወደ አካውንትዎ ለመግባት እየሞከሩ ያሉት እርስዎ ነዎት?» ከሥሩ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አንዱ «አዎ፣ እኔ ነኝ»፣ ሌላው «አይ፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ዓይን በእንቅልፍ ከብዷል፤ ጣትም የሚመጣውን ማሳወቂያ ሁሉ እየነኩ ማጥፋት ለምዷል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው የሚነካው ቶሎ ወደ እንቅልፉ የሚመልሰውን ነው።

ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ጭንቀት ይመስል ይሆናል። ቤተሰብ በተራራቀበት ቦታ ግን ይበልጥ ይወሳሰባል። ስለዚህ በዚህ ወር ጥያቄውን ይዘን ወደ ሐይቅ እንሂድ።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ በወልዲያ መንገድ ላይ የምትገኘው ሐይቅ በጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳምና በዓሣዋ ትታወቃለች። እንደ ሌሎቹ የወሎ ከተሞች ሁሉ ዐረብ አገር ልጅ፣ እህት ወይም አክስት ያላቸው ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ዕቃ መግዛትም ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጫማ በቴሌግራም ገጽ ላይ መርጦ፣ ገንዘቡን በስልክ ልኮ፣ ዕቃውን ከመናኸሪያ መቀበል የተለመደ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣው ልብስ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ታላቅ እህት ሪያድ ናት እንበል። በሺኢን፣ በኑን ወይም በአማዞን አካውንት ከፍታ የባንክ ካርዷን አስገብታበታለች። ሐይቅ ያለችው ታናሽ እህቷ ለእናታቸውም ለልጆቹም የሚሆነውን እንድትመርጥ ሁለቱም ስልኮች በአንድ ጂሜይል ይሠራሉ። ታናሽ መርጣ ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ታላቅ ትከፍላለች፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲገኝ በሻንጣ ይላካል። የሚያምር አሠራር ነው፤ ብዙ ቤት ያለ ነው።

ችግሩ ያ ጂሜይል የሱቆቹ ሁሉ ቁልፍ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ወደ ጂሜይሉ ከገባ በየሱቁ ላይ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ አዲስ ማስላክ ይችላል። ጉግል ታዲያ አንድ ሰው በአዲስ መሣሪያ ሊገባ ሲሞክር «እርስዎ ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ በዚያ አካውንት ለሚሠሩት ስልኮች ሁሉ ሊልክ ይችላል። ሪያድም ሐይቅም ይደወላል ማለት ነው። ታናሽ እህት «እሷ ትሆናለች» ብላ «አዎ» ትነካለች። ታላቅ ደግሞ በማግስቱ ማሳወቂያውን ብታይ እንኳ «እሷ ናት» ብላ ታልፈዋለች። ሌባው በሁለቱ መተማመን መካከል ሰተት ብሎ ይገባል።

እንዲህ ካለው ጥያቄ ጋር የሚመጡት ጥቂት መስመሮች ሳይነበቡ ማለፍ የለባቸውም። አነባበባቸው ግን ለእኛ አገር ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰዓቱ። ማሳወቂያው 3:14 ካለ ሐይቅ ያለ ሰው «ማታ ሦስት ሰዓት ላይማ ስልኬን ይዤ ነበር፣ እኔው ነኝ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ከቁጥሩ አጠገብ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት «ኤኤም» ከሆኑ ያ 3:14 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:14 ነው። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ እህትም በዚያ ሰዓት ተኝታ ነው። ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ እንደዚህ የሚጠቅምበት ቦታ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ቦታው። ሐይቅ ተቀምጠው ሲገቡ ማሳወቂያው «አዲስ አበባ» ቢል አይደንግጡ። እነዚህ ኩባንያዎች ቦታውን የሚገምቱት ኢንተርኔቱ ከሚወጣበት አድራሻ ነው፤ የኢትዮጵያ ግንኙነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ተብሎ ይመዘገባል። በዚያው ልክ «አዲስ አበባ» ስላለ ብቻ «የራሴ ነው» ብሎ ማመንም አይቻልም። «ኔዘርላንድ» ወይም «ሲንጋፖር» ካለስ? እዚህ ላይ ቪፒኤን የሚባለውን ያስታውሱ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን በስልኩ ጭኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሳያጠፋው የቀረ አለ። ቪፒኤን ሲበራ ስልክዎ ሐይቅ ሆኖ አድራሻው አምስተርዳም ይሆናል። ያኔ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ የገዛ ራስዎ ጥላ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲመለስም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ አካውንቶች እንደገና «ማንነትዎን ያረጋግጡ» ማለታቸው የሚጠበቅ ነበር። ያን ጊዜ የመጣው ጥያቄ ሁሉ የሌባ አልነበረም ለማለት ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ እውነት የሚናገረው መሣሪያው ነው። በቤቱ ያለው ሳምሰንግና ቴክኖ ብቻ ሆኖ ማሳወቂያው «ዊንዶውስ ኮምፒዩተር» ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እነዚህ ሦስቱ ቢያምታቱም አንድ ነገር አያምታታም፤ ጥያቄው የመጣው እርስዎ አንድ ነገር ካደረጉ በኋላ ነው ወይስ ሳያደርጉ? አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የይለፍ ቃልዎን የሆነ ቦታ ጽፈው ከሆነ ጥያቄው መልስዎን ይጠብቃል። ምንም ሳያደርጉ ከመጣ ግን መልሱ «አይደለሁም» ብቻ ነው። ቢሳሳቱ እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ እህት እንደገና ትሞክራለች፣ ቢበዛ አዲስ የይለፍ ቃል ታወጣለች። «አዎ» ብሎ መሳሳት ግን ካርዱንም፣ ፎቶውንም፣ ጂሜይሉንም ይዞ ይሄዳል።

ሞባይል ቤት የተከፈተው ጂሜይል

«ሌባው የይለፍ ቃሌን ከየት አገኘው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈቱት ቴሌግራምና ኢሞ ላይ ቁጥርዎን የሚያውቅ ማንም ሰው ቁጥሩን ጽፎ ኮድ ሊያስልክብዎ ይችላል፤ የኮዱ መምጣት ብቻውን የተሰረቀ ነገር መኖሩን አያሳይም። በጂሜይልና በግብይት አካውንቶች ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ የማጽደቂያ ጥያቄ ግን ከበድ ያለ ነው። አንድ ሰው የይለፍ ቃልዎን በትክክል ጽፎ በሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። «አይደለሁም» ብሎ መተኛት የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የይለፍ ቃሉ መቀየር አለበት።

አንዳንዱ የይለፍ ቃል ከውጭ አገር ድረ ገጾች ተሰርቆ ይሸጣል። አንድ ዓይነት ቃል በአምስት ሱቅ የሚጠቀም ሰው የአንዱ ሱቅ መዝገብ ሲዘረፍ አምስቱንም ያጣል። እኛ ጋ ግን ሌላ ምንጭ አለ፤ ብዙም የማይወራ። አዲስ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው ማን ነው? ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው። በቅንነት፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ። የይለፍ ቃሉን የሚመርጠው እሱ ነው፤ የስልኩ ባለቤት ስም ከ123 ጋር፣ ወይም የስልክ ቁጥሩ ራሱ ይሆናል። አንዳንዴም ለመጠባበቂያ የሚያስገባው የራሱን ቁጥር ነው። ባለቤቱ ቃሉን አያውቀውም፣ ስልኩ ሲጠፋም አካውንቱን መልሶ ማግኘት አይችልም። ልጁ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ግን የቤትዎን ቁልፍ የሠራልዎ ሰው ቅጂ ይዞ ቢቀር፣ ሰውየው መልካም ቢሆንም ቁልፉን ይቀይራሉ።

የወላጆችዎ ስልክ በዚህ መንገድ የተከፈተ ከሆነ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ወቅት ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ከፍተው፣ ደህንነት የሚለው ክፍል ገብተው፣ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። «የእርስዎ መሣሪያዎች» በሚለው ሥር የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ካለ ያስወጡት። ለመጠባበቂያ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ ይዩ። እዚህ ላይ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሰዎች አንድ ጣጣ አለባቸው፤ አካውንታቸው የተመዘገበው በሳዑዲ ወይም በኤምሬትስ ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ኮዱም ለዚያ ሰው ይሄዳል። አሮጌው ሲም ሳይዘጋ ቁጥሩን በኢትዮጵያው መተካት ያስፈልጋል።

እግረ መንገድዎን የአካውንቱን ቋንቋ ወደ አማርኛ ይቀይሩት። ጉግል አማርኛ ይችላል። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያገኛሉ። በዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ነበር የተጻፈው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣልያ በኩል ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ነገሩ እስከ ዓድዋ ደረሰ። ዛሬም የአምባሰል ሰው ስልኩ ላይ በማያነበው ቋንቋ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ይቀርብለታል። «አሎው» እና «ዲናይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት የማይለዩ እናት ትክክለኛውን እንዲነኩ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በአማርኛ «ፍቀድ» እና «ከልክል» ከሆነላቸው ከብዙዎቻችን የተሻለ ይጠነቀቃሉ።

«እማዬ፣ ኮዱን ላኪልኝ»

የይለፍ ቃል የሌለው ሌባ ደግሞ ኮዱን ራስዎ እንዲሰጡት ያደርጋል። በሰው መዋደድ የሚነግደው ይኸኛው ነው። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ኢሞዋ ወይም ቴሌግራሟ ይጠለፋል። ጠላፊው ስሟንና ፎቶዋን እንደያዘ ለእናት ይጽፋል፦ «እማዬ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነው። አንቺ ጋ ቁጥር ይመጣልሻል፣ ቶሎ ላኪልኝ።» ቁጥሩም ወዲያው ይመጣል። እናት ልጇ ተቸግራ ስታያት ቆማ የምታስብበት ጊዜ የላትም። ኮዱን ስትልክ የእሷም አካውንት ይወሰዳል፤ ከእሷ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው «ብር ላኩልኝ» ነው።

ቴሌግራም ይህን ያውቃል። የመግቢያ ኮዱን በቴሌግራም ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉት ኮዱ እንዳይሠራ ያደርጋል። ለዚህ ነው አጭበርባሪው «ደውዬ ንገሪኝ» የሚለው ወይም ቁጥሩን በሌላ መንገድ የሚጠይቀው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም መፍትሔው ጽሑፉን ትቶ በተለመደው የስልክ መስመር ደውሎ ድምፅ መስማት ነው። ካልተነሳ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ እቤት ያለችው ላም ስሟ ማን ነው? የቤተሰቡ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሊኖር ይችላል፣ የላሟ ስም ግን አይኖርም።

«ኮድ ለማንም አትስጡ» የሚለው ምክር ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ፤ እንደተነገረ ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የፋይዳ ቁጥርዎን ከባንክ ሒሳብዎ ጋር ለማገናኘት ቅርንጫፍ ሲሄዱ በስልክዎ የመጣውን ኮድ የባንኩ ሠራተኛ ይጠይቅዎታል፤ ትክክለኛ አሠራር ነው። ታዲያ እናትዎ «ባንክ ሲጠይቀኝ ሰጥቼ የለም ወይ?» ቢሉ ትክክል ናቸው። ልዩነቱን በሌላ አነጋገር ያስረዷቸው፦ ወደ ባንኩ የሄዱት እርስዎ ነዎት፤ መስኮቱ፣ ሠራተኛው፣ ማኅተሙ ፊት ለፊትዎ ነው። በስልክ የመጣው ሰው ግን እሱ ነው ወደ እርስዎ የመጣው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» የሚል ሁሉ ራሱ የመጣ ነው። እንዲህ ሲባሉ ስልኩን ዘግተው ራስዎ ይደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ይገኛሉ። የምስጢር ቁጥርዎን ግን መስኮት ላይም ቢሆን ለማንም አይናገሩም።

ከውጭ ሱቆች በሚመጡ መልእክቶችም ላይ ይኸው ይሠራል። አማዞን አንዳንዴ «ሊገባ የሞከረ ሰው አለ፣ ይፍቀዱ ወይም ይከልክሉ» ብሎ ሊንክ ያለበት አጭር መልእክት ይልካል። አስቸጋሪው ነገር እውነተኛውና የሌባው መልእክት መመሳሰላቸው ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አይድከሙ፤ ሊንኩን ትተው አፕሊኬሽኑን ራስዎ ይክፈቱ። እውነተኛ ጉዳይ ካለ እዚያው ውስጥ ያገኙታል።

በጥያቄ ብዛት ማሰልቸትም አለ። በመስከረም 2015 ዑበር የተባለው የታክሲ ኩባንያ የተሰበረው በዚህ መንገድ ነበር። ጠላፊው ለኩባንያው በኮንትራት የሚሠራ ሰው የይለፍ ቃል ነበረው። ደጋግሞ ለመግባት ሲሞክር የማጽደቂያው ጥያቄ በሰውየው ስልክ ላይ ደጋግሞ መጣ። ሰውየው መጀመሪያ ከለከለ፤ በመጨረሻ አንዱን ተቀበለ። ጠላፊው በኋላ እንደተናገረው የኩባንያው የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ መስሎ በዋትስአፕ «ተቀበለው፣ ያኔ ይቆማል» ብሎት ነበር። በሥራው ኮምፒዩተር የሚነካካ ሰው ከተሸነፈ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተቀሰቀሰች እናት ብትሸነፍ አይፈረድባትም። ጉግል ለዚህ መላ ብሎ አንዳንዴ ቁጥር ያስመርጣል። በሚገባበት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ቁጥር ይታያል፣ ስልኩ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይመጣሉ፣ የሚመሳሰለውን መንካት ነው። ኮምፒዩተሩ ፊት ያልተቀመጠ ሰው ቁጥሩን አያውቅም። ደውሎ «57ን ይንኩ» የሚልዎ ሰው ካለ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው እሱ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ስልክዎን ለጨዋታ የሚወስዱት ልጆችም «አዎ»ን ይነካሉ። ጨዋታውን የሚሸፍንባቸውን ነገር ሁሉ ቶሎ ነው የሚያጠፉት።)

«አዎ» ከተነካ በኋላ

ሰው ተሳስቶ «አዎ» ካለ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው፤ በወቀሳ ሊጠፉ አይገባም። የሚጮህበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል። ጂሜይሉን በቅድሚያ ይያዙ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ የማያውቁትን መሣሪያ ያስወጡ፣ የመጠባበቂያ ቁጥሩና ኢሜይሉ እንዳልተለወጠ ይዩ። ጂሜይሉ ሳይጸዳ የሱቁን ቃል መቀየር ከንቱ ነው፤ አዲሱም ቃል በዚያው ይወሰዳል። ከዚያ ወደ ሱቁ ይግቡ፤ ያላዘዙት ዕቃና የማያውቁት የመላኪያ አድራሻ ካለ ሰርዘው ካርዱን ያጥፉት። ሪያድ ያለችው እህት ካርዷን ላወጣላት ባንክ ራሷ መደወል አለባት፤ ከሐይቅ ሆኖ የሚሠራ አይደለም።

በቴሌግራም ላይ የተወሰነ ዕድል አለ። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት አይችልም፤ እርስዎ ግን እሱን ማስወጣት ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍተው ሌሎቹን በሙሉ ያስወጡ፤ ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። እሱ ሲበራ ኮዱ ብቻውን አይበቃም፣ እርስዎ ያወጡት የይለፍ ቃልም ይጠየቃል። ገንዘብ ከተወሰደ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ወዲያው አሳውቀው ለፖሊስ ያመልክቱ። ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እስከ ሦስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መልእክቶቹን አያጥፏቸው፤ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ለሁለቱ እህቶች የሚሻለው ጂሜይላቸውን መለየት ነው። ታናሽ የመረጠችውን ዕቃ ሊንክ በዋትስአፕ ብትልክ ታላቅ በራሷ አካውንት ትገዛለች፤ ቅርጫቱ በሌላ መንገድ ይሞላል እንጂ አይቀርም። «ይህ አይሆንልንም» ካሉ ደግሞ ደንብ ያውጡ፤ ልትገባ ያለችው አስቀድማ ትደውላለች፣ ያልተደወለበት ጥያቄ ሁሉ «አይደለሁም» ይባላል። ጉግል በተጨማሪ አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አኃዝ ያላቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ። ስልኩ ቢጠፋ የሚገባው በእነሱ ነው። ኮዶቹን ስልኩ ውስጥ ፎቶ አድርጎ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም፤ በወረቀት ይጻፉና የቤቱ ካርታና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ባሉበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ።